ያልተሰማኝ መርፌ

የዚያን ጠዋት በክሊኒኩ ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ድሬሰሩ አቶ ተፈራ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ቆመዋል። አባቴ ቄስ ወልዴ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። እናቴ ከግድግዳው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ ግን አልፈለገችውም። ታላቅ ወንድሜ ኪሮስ ከእሷ ጎን ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። የክሊኒኩ ዘበኛ የበሩ ደፍ ላይ ነው፤ ምንም ጉዳይ አልነበረውም፣ ቢሆንም አልሄደም። እኔ መሃል ላይ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ።

አቶ ተፈራ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዙኝ። በጥጥ ፊቴን እየነኩ፣ የነኩኝን ቦታ በጣቴ እንዳሳይ ነገሩኝ። ግንባሬን ነኩኝ፤ አሳየሁ። አገጬን ነኩኝ፤ አሳየሁ። ግራ ጉንጬንም እንዲሁ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም የሚቀጥለውን ስጠብቅ ቆየሁ።

«አሁንስ?» አሉ።

«ገና አልነኩኝም» አልኩ።

 ዓይኔን ስገልጥ እጃቸው ቀኝ ጉንጬ ላይ ነበር፤ የያዙትም ጥጥ ሳይሆን መርፌ ነው። ጫፉ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። አየሁት እንጂ አልተሰማኝም።

እናቴ ከተቀመጠችበት በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። አቶ ተፈራ ከሸዋ የመጡ ስለሆኑ አገውኛ አይሰሙም፤ ምን እንዳለች ኪሮስን ጠየቁት። «እግዚአብሔር ይማርሽ ነው ያለቻት» አላቸው። እናቴ ያለችው ግን «ዝም በይ» ነበር።

ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት አገር የሐኪሙን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። አቶ ተፈራ ደግ ሰው ነበሩ። አባቴን ወደ ጓሮ ወስደው ቀስ ብለው ነገሯቸው። ሥጋ ደዌ ቆዳን ያደነዝዛል፤ በመርፌ ተወግቶ የማይሰማው ቆዳ ካለ ሌላ የሚጠረጠር ነገር የለም፤ ደሴ አጠገብ ለዚሁ በሽታ የተሠራ ሐኪም ቤት ስላለ ወደዚያ ትሂድ አሏቸው። ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ እኛ ቤታችን ስንደርስ ጎረቤቶቻችን ቀድመው ሰምተዋል። ዘበኛው አቋራጭ መንገድ ያውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት የመኸር ወራት ነው። ጋዝጊብላ ያሉ የእናቴ ዘመዶችን አጨዳ ልናግዝ ሄደን፣ ገደል ሥር ባለ ቤት ሰነበትን። ስመለስ ቀኝ ጉንጬ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ያለች ቀይ እብጠት ነበረች። አታሳክክም፣ አታምም። በገና ሰሞን የባቄላ ፍሬ አከለች። ከዚያ ፊቷ ተሰነጠቀና ቅርፊት ያዘች። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ያቃጥለኛልም፤ ተመልሶ ይደርቃል፤ እንደገና ይነሳል። ሴቶቹ የሌሊት ወፍ ፊቷ ላይ ሸንቶባት ነው አሉ። አቶ ተፈራ መጀመሪያ ሲያዩኝ ብጉንጅ ነው ብለው ነጭ ቅባት ሰጡኝ፤ ቀጥለውም መርፌ ወጉኝ። ለውጥ አልነበረውም። አባቴ ጸበል ወሰዱኝ፤ ሁለት ሱባኤ ያዝኩ። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሲያርፍብኝ ቃጠሎው ይበርድልኛል፣ ማታ ግን ያው ነው።

ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በክፍላችን ውስጥ ሴቶች ጥቂት ነበርን። የፈለግሁት የሚኒስትሪውን ፈተና ማለፍና ወልድያ ሄጄ ሁለተኛ ደረጃ መማር ነው፤ ከተማችን ሰቆጣ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ አልነበረውም። ለምን ያን ያህል እንደፈለግሁት ዛሬም አሳምሬ መናገር አልችልም። የማውቀው፣ ፊቴን በመስታወት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ስለ መልኬ ሳይሆን ስለ ፈተናው እንደነበረ ነው።

ጸበሉ ካለቀ በኋላ እናቴ አባቴ ሳያውቁ ሌላ መንገድ ፈለገች። ከከተማው ውጪ ሁላችንም እመይ ዝማም የምንላቸው አሮጊት ነበሩ፤ ቁስል ያክማሉ። ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ሰላም አይልም፣ ሰላም ቢሉትም አይመልስም። እናቴ፣ ኪሮስና እኔ አፋችንን ዘግተን ሄድን። እመይ ዝማም የማጭድ ጫፍ በእሳት አግለው ጉንጬን መሃል ለመሃል ተኮሱት። ኪሮስ ጭንቅላቴን ይዞኝ ነበር። «ጩኺ፣ ምን ቸገረሽ» አሉኝ አሮጊቷ፤ «እኔ እንደሆንኩ ጆሮዬ ደንቁሯል፤ ወንድምሽም ይልመደው፣ ነገ ሚስት ያገባል።» በላዩ የተወቀጠ ቅጠል ለጠፉበት።

ከዚያ አስማሉን። ያ ቀን በዓመቱ ዞሮ እስኪመጣ ድረስ እሳቸው እንዳከሙኝ፣ ቦታው በእሳት እንደተነካ፣ ለማንም እንዳንናገር። መድኃኒቱ በአፍ ከወጣ በሽታው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ሲመለስም ብሶ ነው። ይህ በአገራችን የታወቀ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው አላየሁም። እኔም አልተጠራጠርኩም። መሃሉ ደርቆ ጠባሳ ሲሆን እናቴ ደስ አላት። ዳር ዳሩ ግን ወደ አፍንጫዬ መሄዱን አላቆመም፤ የአፍንጫዬ ጠርዝም አበጠ። ተመልሰን ወደ አቶ ተፈራ የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መርፌው ሲወጋኝ ከነበርነው ሰዎች ሦስታችን ያ ቦታ በእሳት የተነካ መሆኑን እናውቅ ነበር። የተቃጠለ ቆዳ እንደሚደነዝዝ ግን አንዳችንም አላሰብንም። መርፌው ከሥር ያለውን አይቶ የተናገረ መሰለን። እናቴ ዝም በይ ያለችኝ አባቴን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ብሶ እንዳይመለስብኝ ነው። እኔም ለመዳን ብዬ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ዛሬም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የተደረገለትን ሁሉ፣ ጸበሉንም ቅጠሉንም እሳቱንም፣ ሳይደብቅ እንዲናገር ነው። ሐኪም የሚያየው የመጣለትን ቆዳ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በአባቴ በኩል፣ ነገሩ እስኪታወቅ እቤት ትቆይ ብለው ላኩ። የእህል ጎተራ የነበረችው ትንሿ ጎጆ ለእኔ ተጠረገች። ዋንጫዬ ተለየ። ዋንጫውን የለየችው እናቴ ናት፤ ስትለየው አላየችኝም፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። የአንድ ቄስ ልጅ አጭቶኝ ነበር፤ አባቱ መጥተው ዘንድሮ ጊዜው አልተመቸንም ብለው ሄዱ። በዚህ አልተከፋሁም፤ ልጁን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ እሱንም ከጀርባው ነበር። የከበደኝ ማታ ማታ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ተኝቼ ጣቶቼን አንድ በአንድ እቆነጥጣለሁ፤ የሚሰማኝ ይሁን የሚሰማኝ የሚመስለኝ መለየት አቃተኝ። አንዳንዴ የተተኮሰው ጉንጬ ሲያሳክከኝ ደስ ይለኛል፤ ሳከው ደግሞ እጄ እንጂ ጉንጬ አይሰማኝም።

ደሴ ልሂድ አልሂድ የሚለው ብዙ አከራከረ። አባቴ አልፈለጉም። ሐኪሙን ንቀው አይደለም። «እዚያ የገባ ሰው ስም ይዞ ነው የሚወጣው» አሉ። «እዚህ ነገሩ ገና አልተቆረጠም። ጸበሉ አለ።»

«አባባ፣ ስሙንማ ዘበኛው አውጥቶላታል» አለ ኪሮስ። «የቀረው ሐኪሙ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረው ምን ትያለሽ አሉኝ። ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ አያውቁም። ሐኪም ቤቱ ሥጋ ደዌ ነው ካለኝ ፈተናውም ወልድያም ማለቃቸውን አውቃለሁ። ካልሄድኩ ደግሞ ከጎጆዋ አልወጣም። የትኛው እንደሚሻል አላወቅሁም።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

አንዱ በሬ ተሸጠ። ኪሮስ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ፈለገ፤ ከእኛ ቤት በሬ ጋር ለመጠመድ እሺ ያለ ጎረቤት በቶሎ አልተገኘም። ይህን እኔ እንዳልሰማ ለማድረግ ሞከሩ። ከነጋዴዎች ጋር በበቅሎ እስከ ኮረም ሄድን፤ ከዚያ አውቶቡስ ያዝን። አብሮኝ የሄደው ኪሮስ ነው። እናቴ ስትሸኘኝ በአገውኛ፣ ስለ እመይ ዝማም እንዳልናገር በስሟ አስማለችኝ።

ሐኪም ቤቱ ኮረብታ ሥር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ እሱ ላይና መሬት ላይ ይቀመጣል። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚ አለው። መርፌውን አወጣ፤ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ዳር ዳሩን ሲነካኝ አሳየሁ። መሃሉን አላሳየሁም። ደጋገመው። ከአስተርጓሚው ጋር ብዙ ተነጋገሩ።

«ግራ ገብቶታል» አለኝ አስተርጓሚው። «ዳሩ ይሰማታል፣ መሃሉ አይሰማትም፤ እንዲህ ያለ አላየሁም ነው የሚለው።»

ከጆሮዬ ጫፍና ከጠባሳው መሃል ትንሽ ቆዳ ቆርጦ ወሰደ። ውጤቱን ለመስማት ብዙ ቀን ተመላለስን። ያረፍነው በአቅራቢያው የኪሮስ ወዳጅ ዘመድ ቤት ነው፤ በሽታዬ ምን እንደሆነ አልነገርናቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም፣ ግን ዋንጫ ለብቻ ሰጡኝ። በመጨረሻ ሐኪሙ ጠርቶኝ፣ የሥጋ ደዌ ተሐዋስያን እንዳላገኘ፣ ነገር ግን አንዳንዴ እንደማይገኙ፣ ለጥንቃቄ ለዓመታት የሚወሰደውን ክኒን እንድጀምርና ሐኪም ቤቱ አጠገብ ባለው የሕሙማን መንደር እንድቀመጥ በአስተርጓሚው ነገረኝ። ነው ወይስ አይደለም ብዬ ጠየቅሁ። አስተርጓሚው ጥያቄዬን አስተላለፈ። ሐኪሙ እጆቹን ዘረጋ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም።

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ኪሮስ ስለ ማደሪያው ሊጠይቅ ሄደ። አጠገቤ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከመጣሁ ጀምሮ አያታለሁ። የቀኝ እጇ ጣቶች ግማሾቹ የሉም። ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ዘረጋችልኝ። እጄን ሳልዘረጋ ቆየሁ። እናቴ ዋንጫዬን ስትለይ የሆነችውን እኔም ሆንኩ።

«አትፍሪ የኔ ልጅ» አለችኝ። «የቆላችው እህቴ ናት፤ እሷ አሥሩም ጣት አላት።»

አፈርኩና ወሰድኩ። ቆሎው ጥሩ ነበር። እየበላን ነገሯ እንዴት እንደጀመረ ነገረችኝ። እጇ መደንዘዙን ሳታውቅ የጋለ ድስት አወረደች፤ ሰዎች ሥጋ ሸተተን ብለው ሲጮኹ ነው እጇን ያየችው።

«ሰው ሁሉ ድስቱ ገደለው ይላል» አለች። «አይደለም። እጄ ቀድሞ ሞተ፤ ከዚያ ነው የተቃጠለው።»

ቆሎውን መቆርጠሜን ተውኩ። የእኔ ቀድሞ ነው የተቃጠለው። ማጭዱ ሲያርፍብኝ ተሰምቶኛል፤ እስከ አጥንቴ ተሰምቶኛል። ከዚያ በኋላ ነው የሞተው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። ምናልባት ምንም ማለት አይደለም። ምናልባት ተናግሬው ሐኪሙ ይስቅብኝና፣ በሽታው ደግሞ ብሶ ይመለስብኝ ይሆናል። በእናቴ ስም ምያለሁ፤ ዓመቱም አልዞረም። ቆሎውን አስካለ ነጠላ ላይ መለስኩና ሳልጠራ ገባሁ። ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ይዟል። አስተርጓሚው ተቆጣኝ፤ ውጪ አለኝ።

«ይህ ቦታ ተተኩሷል» አልኩት። «ከመደንዘዙ በፊት በእሳት ተተኩሷል። ንገረው።»

«በምን?»

«በማጭድ ጫፍ።»

«ማን ነው የተኮሰሽ?»

«እሱን አልናገርም።»

አስተርጓሚው ነገረው። ሐኪሙ የያዘውን በሽተኛ ትቶ ወደ እኔ መጣ። ጉንጬን ወደ ብርሃን አዙሮ በጣቱ የጠባሳውን ድንበር ተከተለ፤ በራሱ ቋንቋ ለራሱ ይናገር ነበር። ከዚያ እንደገና ቆዳ ቆረጠ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመሃሉ ሳይሆን ገና ከሚያብጠው ዳር ነው። አመመኝ። እያመመኝ ደስ አለኝ።

በቀጣዩ ጊዜ ስንሄድ አስተርጓሚው ራሱ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሥጋ ደዌ አይደለም አለ። የአገር ሰው ቁንጭር የሚለው ነው። ዛሬ እንደሚነገረው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ ያለች ትንሽ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው የቆዳ ቁስል ነው፤ ያኔ ግን ይህን የነገረኝ የለም። መርፌ እንደሚሰጠኝ ነገሩኝ። ይድናል ወይ ብዬ አስጠየቅሁ።

«አንዳንዱ ይድናል» አለ አስተርጓሚው። «አንዳንዱ ደግሞ ከዳነ በኋላ ይመለሳል። አስቀድሞ አይታወቅም ይላል።»

መርፌው ከባድ ነበር። ከወገቤ እስከ እግሬ ያደነዝዘኛል፤ ምግብ አስጠላኝ፤ አንዳንድ ቀን ኪሮስ እያዘለ ያመጣኝ ነበር። ብዙ ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። አስካለ በየጠዋቱ ፊቴን አይታ ፍርድ ትሰጣለች፤ ትናንት ይሻል ነበር ትላለች፣ በማግስቱ ዛሬ ይሻላል ትላለች፤ አንድም ቀን ከራሷ ጋር አልተስማማችም። አንድ ቀን ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። የአፍንጫዬ እብጠት ጎደለ። ልንመለስ ስንነሳ አስካለን ልሰናበታት ፈለግሁ፤ በዚያን ቀን ግን ወደ ውስጥ አስገብተዋት ስለነበር አላገኘኋትም።

ሰቆጣ ስንመለስ አቶ ተፈራ ከደሴ የተላከውን ወረቀት አንብበው አጠፉት። ለምን አልነገራችሁኝም ብለው የጠየቁት እናቴን ነው። እሷም ጠይቀውን ነበር ወይ አለቻቸው። እውነቷን ነበር፤ አልጠየቁንም። አባቴ ስለ ማጭዱ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለእናቴ በቀጥታ መናገር ተዉ። እሷ ከፊታቸው ቆማ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ውሃ ትስጠኝ» ይሉኛል። እኔ ሳልነግራት ውሃውን ትሰጣለች። እሷም «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ቀዝቃዛ ነው» ትለኛለች። እንዲህ እያልን እስከ ክረምት ቆየን።

እመይ ዝማም መጥተው ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ነካኩ።

«ተናገርሽ አይደል?» አሉኝ።

«ተናገርኩ።»

«እንግዲህ መመለሱ አይቀርም። መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።» አልተቆጡም። እንዲያውም ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ፈረንጁ ሐኪምና እመይ ዝማም በዚህ ተስማሙ፤ ሊመለስ ይችላል፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የዳንኩት በየትኛው እንደሆነ የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። አባቴ በጸበሉ ነው ይላሉ፤ ኪሮስ በመርፌው፤ እናቴ ምንም አትልም። እኔ የማምነው መርፌውን ነው፤ ቢሆንም ጸበሉ ያበረደልኝን አልረሳሁም።

ዲሬክተሩ ወረቀቱን አይተው ወደ ክፍል መለሱኝ። መጀመሪያ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ስላልነበረ ዴስኩ ሙሉውን የእኔ ሆነ፤ ለመጻፍ ተመቸኝ። ፈተናውን ተፈተንኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ማለፌ ተሰማ።

ያን ጊዜ ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን አባቴና እናቴ በአንድ ወገን ሆኑ፣ እርስ በርስም መነጋገር ጀመሩ። አንድ ዓመት ትቆይ አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ይለያል፤ ወልድያ ብቻዋን ሳለች ቢነሳባት ማን ያስታምማታል፣ ማን ቤት ያከራያታል። ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር። ኪሮስ እንኳ በዚህ ጊዜ አልደገፈኝም።  ጠባሳው ዳር አዲስ ቅላት አይቼ ነበር፤ ብርድ ይሁን ሌላ አላወቅሁም፤ ለማንም አላሳየሁም ነበር።

በኋላ ግን አሳየኋቸው። መስኮቱ አጠገብ ወስጄ ሁሉንም አሳየኋቸው፤ እናቴ በጣቷ ነካችው።

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» አልኩ። «ዓመት ብቆይ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ነው የምንለው። ከተመለሰ ደሴ ከወልድያ ይቀርባል።»

አባቴ ጎንበስ ብለው ቅላቱን አዩት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ስንቅ አዘጋጂላት» አሏት።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ ወደ ኮረም የሚወርዱ ነጋዴዎች ተገኙ። አባቴ በመስቀላቸው ባረኩኝ። ኪሮስ ጓዜን በቅሎዋ ላይ ጫነልኝ። እናቴ ጉንጬን አንድ ጊዜ አየችና መቀነቷን አጥብቃ ወደ ጎን ቆመች። ነጋዴዎቹ ተነሱ፤ እኔም ሄድኩ።